የሀይሉ ቅርንጫፍና የእትዬ ለተማርያም ጽጌረዳ

ሀይሉ አበባ መደርደር የጀመረው መኪና በማቆም ነው።

ሎስ አንጀለስ፣ ዌስትቼስተር ሰፈር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል በር ላይ ቫሌ ነበር። የእንግዳ መኪና ይቀበላል፣ ምድር ቤት ወስዶ ፓርክ ያደርጋል፣ ሲጠሩት መልሶ ያመጣል። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ግን እንግዳ ያልሆኑ አንዲት አጭር ጃፓናዊት አሮጊት ባረጀ ኮሮላ ይመጣሉ። ሚስስ ኩሮዳ ይባላሉ። የሆቴሉን መግቢያ አዳራሽ አበባ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። የኮሮላው የኋላ ወንበር ላይ ሰው ተቀምጦ አያውቅም፤ የሚቀመጠው የጥድና የኮክ ቅርንጫፍ ነው። ሌሎቹ ቫሌዎች ያችን መኪና ሲያዩ ሁሉም በአንዴ ሽንታቸው ይመጣል። የባልዲው ውሃ ይፈሳል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ በመስኮት የወጣው ቅርንጫፍ የሰው ዓይን ይፈልጋል። ሀይሉ ብቻ ይቀራል። ባልዲውን በአንድ እጁ፣ ቅርንጫፉን በሌላው ይዞ ይከተላቸዋል።

አንድ ሰኞ ሴትየዋ ዞር ብለው እጁን አዩት።

«ቅርንጫፍ እንዲህ መያዝ ማን አስተማረህ?»

«ማንም። እንዳይሰበር ብዬ ነው።»

«ቅዳሜ ና» አሉት።

ቅዳሜ ሄደ። እስኪሞት ድረስ ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም።

ሚስቱ ውብነሽ መጀመሪያ ላይ የምታውቀው ክላስ እንዳለው ብቻ ነው። የምን ክላስ እንደሆነ አልጠየቀችም። በዚያ ዘመን ሎስ አንጀለስ ውስጥ ክላስ አለኝ የሚል ሐበሻ ወንድ ሁሉ የቤት መሸጫ ላይሰንስ ሊያወጣ ነው፤ ሀይሉም እንደ ሰው ቤት ሊሸጥ ነው ብላ ዝም አለች። መጠርጠር የጀመረችው መኪናው ውስጥ የጥድ ቅጠል ስታገኝ ነው። አንድ ቅዳሜ የጎረቤት መኪና ተውሳ እስከ ጃፓኖቹ ሰፈር እስከ ሶቴል ድረስ ከኋላው ድራይቭ አደረገች። ሀይሉ ከአንድ የጃፓኖች የቡድሃ ቤተ መቅደስ ጎን ያለ አዳራሽ ገባ። ትንሽ ጠብቃ በመስኮት አየች። ፀጉራቸው የነጣ የጃፓን ሴቶች ረጅም ጠረጴዛ ከበው ቆመዋል። ከመሃላቸው ሀይሉ ቆሟል። ሁሉም ሽርጥ ለብሰዋል። ሀይሉም ለብሷል። የእሱ ሽርጥ ላይ የዓሣ ሥዕል አለበት።

ወደ ቤታቸው ወደ ፓልምስ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ አሰበችበት። ነገሩ ውሽማ ቢሆን ምን እንደሚደረግ ታውቃለች፤ የሚደወልለት ሰው አለ፣ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች አሉ። ለዚህ ግን ማን ይጠራል?

እራት ላይ፣ «ሰው እንዳያይህ» አለችው።

«ማን ያየኛል?»

«እግዚአብሔር ያያል። ከእሱ ቀጥሎ የፌርፋክስ ሐበሻ ያያል።»

ሀይሉ አልደነገጠም። ሦስት የሽንኩርት ቅጠል ከሰላጣው አነሳና ሳህኑ ዳር ላይ እያቆመ አስረዳት። ረጅሙ ሰማይ ነው። አጭሩ ምድር ነው። በመካከል ያለው ሰው ነው። ዱሮ መነኮሳት ለቡድሃ አበባ ሲያቀርቡ የተጀመረ ነው፤ ከዚያ ቀስ እያለ ከመቅደስ ወጥቶ ሰው ቤት ገባ።

«ጣዖት ነዋ።»

«ነበር። አሁን ሆቴል ውስጥ ነው።»

«ከሦስቱ ሌላ ያለውስ?» አለች የሳህኑን ሌላ ዳር እያሳየችው።

«እሱ ባዶ ነው።»

«ባዶውም ይቆጠራል?»

«ዋናው እሱ ነው። ቅርንጫፉን መትከል ማንም ይተክላል። ባዶውን የት እንደምትተዪው ለማወቅ ነው ሰው ዕድሜውን የሚፈጀው።»

«ለባዶው ነው የምትከፍለው?»

«ለባዶው ነው» አለና ሽንኩርቱን በላው።

ቤተ ክርስቲያናቸው የራሱ ሕንጻ የለውም። ከፌርፋክስ ትንሽ ገባ ብሎ ካለ የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተከራይተው ነው የሚያመልኩት፤ ፈረንጆቹ በጠዋት ጨርሰው ይወጣሉ፣ ሐበሾቹ ከሰዓት ይገባሉ። መድረኩ ላይ ለብዙ ዓመት የተቀመጠው የእትዬ ለተማርያም የፕላስቲክ ጽጌረዳ ቅርጫት ነበር። ሀይሉ አንድ እሑድ እኔ አበባ ላምጣ ሲል ሁሉም ጌታ ይባርክህ አለው፤ ቅርጫቱም ወደ ዕቃ ቤት ገባ።

መጀመሪያ የመረመሩት ጋሼ ሀብተሥላሴ ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ዋና ሽማግሌ ናቸው፤ በሥራ ዘመናቸው የመድን ድርጅት መርማሪ ነበሩ፣ እዚህም ያንኑ ሥራ በነጻ ይሠራሉ።

«ወንድም ሀይሉ፣ ይኼ ነገር ትርጉም አለው?»

«አለው ጋሼ። ይኼ ሰማይ ነው፣ ይኼ ምድር፣ ይኼ ሰው።»

ጋሼ ሀብተሥላሴ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከፍተው የመጀመሪያውን ገጽ አዩና ዘጉት።

«በቅደም ተከተሉ ነው» አሉ። ሌላ አልጠየቁም። ሀይሉም ሌላ አልጨመረም።

ችግሩ ከዚያ አልመጣም። ችግሩ የመጣው ከእንግዳ ተቀባይ ኮሚቴ ነው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ እትዬ ለተማርያም ናቸው። ጴንጤ ከሆኑ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ስማቸውን ግን አልቀየሩም። «እናቴ ያወጣችልኝን ስም ጌታ አልጠላብኝም» ይላሉ። ባዶ ነገር ማየት አይችሉም። ባዶ ወንበር ካዩ ሰው ከኋላ ጎትተው ያስቀምጡበታል። ባዶ ብርጭቆ ካዩ ባለቤቱን ሳይጠይቁ ይሞላሉ። በዚያ በመጀመሪያው እሑድ ወደ መድረኩ ወጥተው የሀይሉን ሥራ አዩት። ዝርግ ሳህን ነው። በስተግራ ቅጠል የሌለው ቅርንጫፍ ቆሟል፤ እግሩ ሥር ሁለት ትንንሽ ነጭ አበባዎች አሉ። በስተቀኝ አየር ነው።

እትዬ ለተማርያም ወርደው ውብነሽ ጆሮ ሥር ጠጋ አሉ።

«ሀይሉ ሥራ ቀንሰውበታል እንዴ?»

«ኧረ የለም። ምነው?»

«አይ፣ ለአበባው ገንዘቡ አልደረሰለትም መሰለኝ። ነውር የለውም እኮ፣ ለምን አይነግረኝም?»

ከዚያ ዕቃ ቤት ገብተው ከቅርጫቱ አንድ ቀይ የፕላስቲክ ጽጌረዳ መዘዙ። መድረኩን የሚያስተካክሉ መስለው ወጡና በስተቀኝ፣ ባዶው ላይ ተከሉት። ሰው አላየም። ያደረጉት ሀይሉ እንዳያፍር ብለው ነው፤ ስለዚህ ለማንም አልተናገሩም።

በሚቀጥለው እሑድም አልደረሰለትም። እትዬ ለተማርያም አሁንም ሸፈኑለት። እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። ሀይሉ አንድም ቀን አበባውን ሞልቶ አልመጣም፤ እሳቸውም አንድም ቀን አላጋለጡትም። ጽጌረዳው ፀሐይ በልቶት ወደ ሮዝ ሲያደላ በአዲስ ይቀይሩታል።

ውብነሽ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ያንን ፕላስቲክ ስታይ ስብከት አይሰማትም። የአሥር ዓመት ስብከት በዚያ ጽጌረዳ ምክንያት አምልጧታል። ቅዳሜ ማታ ሀይሉ ቅርንጫፉን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ እዚያው ውሃው ውስጥ በመቀስ ሲቆርጥ ታያለች፤ አየር እንዳይስብ ነው። ቅርንጫፉን በመርፌ የተሞላ ከባድ ብረት ላይ ይተክለዋል፣ ይነቅለዋል፣ መልሶ ይተክለዋል። አንዲት ቅጠል ለመቀነስ ወጥ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቆሞ ያስባል። ከዚያ እሑድ ይመጣና ጽጌረዳ።

«ለምን አትነግራቸውም?» ትለዋለች መኪና ውስጥ።

«ምን ብዬ?»

«አይንኩብኝ ብለህ።»

«ተያቸው፣ ውቤ።»

«እኔ ልንገራቸው?»

«ተያቸው ብያለሁ።»

ልጃቸው ቤተል ከኋላ ወንበር፣ «ዳዲ፣ ሲሪየስሊ፣ እኔ ብሆን አወጣው ነበር» ትላለች። ቤተል አሁን ግሌንዴል ቢሮ የምትሠራ ትልቅ ሴት ናት፤ ስታወራ ግን ያኔም አሁንም እንደዚያ ናት።

«አንቺም ተያቸው» ይላል ሀይሉ።

በ2016 የካቲት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ሀይሉ የአንድ እንግዳ መኪና ፓርክ አደረገ፣ ቁልፉን ሰሌዳው ላይ ሰቀለ፣ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ አልተነሳም። ልቡ ነው አሉ። አለቃው ስልክ ደውሎ ለውብነሽ ሲነግራት ሁሉም መኪኖች ቦታቸው ላይ እንደነበሩ ጨምሮ ነገራት። ምን ብሎ እንደሚያጽናና አላወቀም መሰለኝ።

ለቅሶ ቤቱ ፓልምስ ያለው አፓርታማ ሆነ። ሚስስ ኩሮዳ ጥቁር ለብሰው አንድ ነጭ አበባ ይዘው መጡ፤ ሁሉም ተነስቶ ቦታ ለቀቀላቸው። እትዬ ለተማርያም ምግብ አቀረቡ። ጃፓኗ በሉ። በእሳቸው ወግ ሳህን ላይ ምግብ መተው ነውር ስለሆነ ጨረሱ። እትዬ ለተማርያም ባዶ ሳህን አይችሉምና ሞሉት። ጃፓኗ እንደገና ጨረሱ። እንደገና ተሞላ። ሁለቱም አላቆሙም። በመጨረሻ ቤተል ገብታ ሳህኑን ባትወስድ ኖሮ ሌላ ለቅሶ ይሆን ነበር።

ሲወጡ ሚስስ ኩሮዳ የውብነሽን እጅ ይዘው፣ «እኛ ጋ በአርባ ዘጠነኛው ቀን ነው ሰው የሚሰበሰበው» አሉ።

«እኛ ጋ በአርባው ነበር» አለች ውብነሽ። ነበር ያለችው ጴንጤ ስለሆነች ነው። በእነሱ ቤተ ክርስቲያን ተዝካር አይባልም፤ የመታሰቢያ ፕሮግራም ነው የሚባለው። ከቀኑ ጋር ግንኙነት የለውም፤ አዳራሹ በተገኘ ጊዜ ይደረጋል። አዳራሹ የተገኘው አርባ ሊሞላ ሲል ነው። የሚበላውም ያው ነው።

ፕሮግራሙ ሲቃረብ ውብነሽ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ዝማሬውን እነሱ ይምረጡ። ፎቶውን ቤተል ትምረጥ። እሷ የምትፈልገው በዚያ እሑድ መድረኩ ላይ የሀይሉ አበባ፣ ባዶው ባዶ እንደሆነ፣ ከመጀመሪያው ጸሎት እስከ መጨረሻው አሜን እንዲቆም ነው። አንድ ጊዜ ብቻ። በሕይወቱ ያላገኘውን አንድ እሑድ ልትሰጠው ነው።

ለእትዬ ለተማርያም ራሷ መናገር አልቻለችም። በለቅሶው ሰሞን ቤቷን ያስተዳደሩት፣ እሷን በግድ ያጎረሱት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ በሽማግሌ በኩል ልትሄድ ወሰነች፤ ጋሼ ሀብተሥላሴን ፌርፋክስ ላይ ካፌ ጠራቻቸው። ተሳስታ ከሥር ጀመረች፤ አበባውን ሚስስ ኩሮዳ እንደሚያስተምሯት፣ ሀይሉም ከእሳቸው እንደተማረ፣ የት እንደተማረ ነገረቻቸው።

ጋሼ ሀብተሥላሴ ማኪያቶአቸውን አስቀመጡ።

«ቤተ መቅደስ?»

«ጎኑ ያለ አዳራሽ ነው፣ ጋሼ።»

«ሰማይ፣ ምድር፣ ሰው ብሎኝ ነበር እኮ።»

«እሱም ነው።»

«የሚቀርበው ለማን ነው?»

«ዱሮ ለቡድሃ ነበር። አሁን ለማንም አይደለም።»

«እሑድስ?»

«ለሀይሉ።»

«ለሞተ ሰው አይቀርብም።»

«እንግዲያው ለማንም አይደለም።»

«ለማንም ካልሆነ ለምን ይቀመጣል?»

ጋሼ ሀብተሥላሴ ግን መርማሪ ብቻ ሳይሆኑ ሰውም ናቸው፤ ሀይሉን ይወዱት ነበር። ማኪያቶአቸውን መልሰው አነሱ።

«እኛ የምንሰበሰብበት አዳራሽ ሐሙስ ሐሙስ የዮጋ ክፍል ነው» አሉ በመጨረሻ። «እኛ ስንገባ የእኛ ይሆናል። አበባውም እንደዚያው ነው። ይግባ።»

«አንድ ነገር ልለምንዎት። ማንም እንዳይነካው።»

«ማን ይነካዋል?»

ውብነሽ ስም አልጠራችም። ጋሼ ሀብተሥላሴም ስም አልጠየቁም፤ የአሥር ዓመት እሑድ እሳቸውም ፊት ረድፍ ላይ ነበሩ።

«ደንብ ይሆናል» አሉ።

ደንቡን በዚያው ሳምንት ለእንግዳ ተቀባይ ኮሚቴ በስልክ አስታወቁ። እትዬ ለተማርያም እሺ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለውብነሽ አልደወሉም። ምግብ ግን መላካቸውን አልተዉም፤ በሰው እጅ፣ ክዳኑ ላይ ምንም ሳይጽፉ።

ከፕሮግራሙ በፊት ባለው ቅዳሜ ውብነሽ ሶቴል ሄደች። የዓሣው ሥዕል ያለበትን ሽርጥ ይዛ ነበር፤ ሚስስ ኩሮዳ አዩትና ራሳቸው አሰሩላት።

«ምን መሥራት ትፈልጊያለሽ?»

«እሱ በመጨረሻ የሚሠራውን።»

ኮክ ነበር። ቅርንጫፉን ውሃ ውስጥ ቆረጠች፤ ሁለት ጊዜ አበላሸች፣ በሦስተኛው ተሳካ። ሚስስ ኩሮዳ በጣታቸው እያመለከቱ፣ ረጅሙን ወደ ግራ አስጋደሉ፣ መካከለኛውን ከሥሩ፣ አጭሩን ወደ ፊት። ከዚያ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«አለቀ።»

ውብነሽ ራቅ ብላ አየችው። ስለ አበባ ምንም አታውቅም፤ ለአሥር ዓመት ግን ከሦስተኛው ረድፍ አይታለች። ሁሉም ነገር በስተግራ ተጋድሟል። በስተቀኝ የተተወው ባዶ ቦታ መኪና ያስቆማል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ባዶው አልበዛም?»

«በዝቷል» አሉ ሚስስ ኩሮዳ። «በጣም በዝቷል። ሁልጊዜ እነግረው ነበር።»

«ታዲያ?»

«ባዶ አይደለም አለኝ። የሰው ቦታ ነው አለኝ። እዚያ የሚገባው አበባ ቀይ ነው፣ ቁመቱ ይህን ያህል ነው፣ ግንዱ አይታጠፍም። ያንን የሚሸከም ቅርንጫፍ እንዴት ይቆማል ብሎ ጠየቀኝ።»

ውብነሽ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«ፕላስቲክ ነው» አለች።

«አውቃለሁ። ሲነግረኝ ተቆጣሁ። ለአንድ ወር ያህል ጥግ ላይ ነው ያስቆምኩት።» ሚስስ ኩሮዳ የረገፈውን ቅጠል በእጃቸው ጠርገው ሰበሰቡ። «እኔ የተወለድኩት ማንዛናር ነው። በጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ጃፓኖችን ያጎረበት ካምፕ ነው፤ ምድረ በዳ ነው። ሰው ሲሞት አበባ የለም። እናቴና ሌሎቹ ሴቶች ከወረቀት ይሠሩ ነበር። እናቴ ጥሩ የአበባ ተማሪ ነበረች፣ ደንቡን ሁሉ ታውቃለች፤ ግን የወረቀቱን አበባ ከበረሃ ቅርንጫፍ ጋር አድርጋ በሬሳው ፊት አስቀመጠችው። ይኼን አስታወስኩና ከጥግ አወጣሁት። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ አብረን እናስብበት ነበር። አስቸጋሪ አበባ ነው። አይፈካ፣ አይጠወልግ።»

«ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

«ለእኔም ብዙ አልነገረኝም። ሴትየዋ የአበባ ገንዘብ ያልደረሰኝ ይመስላቸዋል፣ እየሸፈኑልኝ ነው አለ። ካወቁ ያፍራሉ፣ ካፈሩ ያቆማሉ አለ።»

ሚስስ ኩሮዳ ሳህኑን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጧት፤ ወደ ፓልምስ ስትነዳ በወንበር ቀበቶ አሰረችው።

እሑድ ጠዋት ለጋሼ ሀብተሥላሴ ደወለች።

«ጋሼ፣ ያ ደንብ ይነሳልኝ።»

«የቱ ደንብ?»

«አበባው አይነካ የተባለው።»

«እሱማ ተወስኗል።»

«ማን ወሰነው?»

«አንቺ።»

«እንግዲያው እኔው ላንሳው።»

«እህት ውብነሽ፣ ደንብ እንደዚያ አይነሳም» አሉ ጋሼ ሀብተሥላሴ። «እኔ አላስታውስም እላለሁ። ይበቃል?»

«ይበቃል።»

አዳራሹ ሞልቷል። ሀይሉ በፎቶ መድረኩ ላይ ነው፤ አበባው ከፎቶው አጠገብ ነው። ሚስስ ኩሮዳ ከቤተል ጎን ተቀምጠዋል። ሰዉ እየገባ ያያል። አንዷ ሴት ለጎረቤቷ፣ «ሚስኪን፣ ሐዘን ነው፣ አልጨረሰችውም» ስትል ውብነሽ ሰማች። እውነትም ያልተጨረሰ ይመስላል። ነፋስ የሚጎትተው ይመስላል። ከዚህ በፊት በዚያ በኩል ጽጌረዳው ነበር የሚይዘው።

እትዬ ለተማርያም መጨረሻው ረድፍ ላይ ናቸው። በዚያ አዳራሽ ተቀምጠው የታዩት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሁለት እጃቸውን በላዩ ጭነው፣ ፊት ለፊት ያያሉ። አጠገባቸው ባዶ ወንበር አለ፤ ሰው አልጠሩበትም።

ውብነሽ ዝማሬው ሳይጀመር ተነስታ በመሃል መተላለፊያው ወደ ኋላ ሄደች። ሐዘንተኛ ከፊት ተነስቶ ወደ ኋላ ሲሄድ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። ዞረው አዩ። ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ ለተማርያም።»

«አቤት።»

«አበባው ጎድሎበታል።»

«እኔ ምን አገባኝ። አይነካም ተብሏል።»

«ጋሼ አላስታውስም ብለዋል።»

«ያስታውሳሉ። በስልክ ነው የነገሩኝ፣ ስማቸውን እስከ አያት ጠርተው።»

«ያስነገርኳቸው እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ እትዬ ለተማርያም፣ አሁንም ፊት ለፊት እያዩ። «ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል? ምግቡ ደርሶሻል?»

«ደርሶኛል።»

«ጨው አነሰው?»

«ኧረ አላነሰውም። ይቅር ይበሉኝ። መጥተው ይዩልኝ፤ እኔ የት ጋ እንደጎደለ አላውቅም።»

እትዬ ለተማርያም ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብለው አዩዋት። ፊቷን ነው፣ ደረቷን ነው፣ ምን እንደሚያዩ አይታወቅም። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፈቱ። በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ጽጌረዳው ነበር፤ አዲስ ነው፣ ዋጋው የተለጠፈበት ወረቀት እግሩ ላይ አለ።

«ለዚህ ብዬ አይደለም የያዝኩት» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።»

«አዎ።»

ወረቀቱን በጥፍራቸው ላጡት፤ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም፣ ተዉት። ውብነሽን ተደግፈው ተነሱ፣ ሁለቱም በመሃል መተላለፊያው ወደ ፊት ሄዱ። ጋሼ ሀብተሥላሴ ፊት ረድፍ ላይ ሆነው ሲያልፉ አዩ፤ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከፍተው ማንበብ ጀመሩ።

እትዬ ለተማርያም መድረኩ ላይ ወጡ። ሳህኑን አላዞሩም፣ ወደ ኋላ ብለውም አላዩም። ጽጌረዳውን ቀጥ አድርገው በስተቀኝ አወረዱት። መርፌዎቹ ያዙት። የኮኩ ቅርንጫፍ ወደ ግራ እንደተጋደመ ነው፤ ግን አሁን ከአንድ ነገር የሚሸሽ ሳይሆን ለአንድ ነገር ቦታ የለቀቀ ይመስላል። ሚስስ ኩሮዳ ከተቀመጡበት አንገታቸውን ትንሽ ዝቅ አደረጉ። ቤተል ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችና አፏን በእጇ ያዘች።

እትዬ ለተማርያም እጃቸውን በመሐረቡ ጠረጉ። ወደ ሀይሉ ፎቶ አላዩም፤ ካዩ እንደሚያለቅሱ ያውቃሉ፣ እንግዳ ተቀባይ ደግሞ አያለቅስም። ወደ ውብነሽ ጆሮ ጠጋ አሉ።

«ለሰው እንዳትነግሪ እንጂ፣ እዚህ ጋ ሁልጊዜ ይረሳ ነበር።»

ውብነሽ አበባውን አየችው።

«አዎ» አለች። «እዚህ ጋ ይረሳል።»

«አሥር ዓመት። አንድ ቀን እንኳ አላስታወሰም።»

«አላስታወሰም» አለች ውብነሽ። ክንዳቸውን ይዛ ከመድረኩ አወረደቻቸው፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይም ከጎኗ አስቀመጠቻቸው። ዝማሬው ተጀመረ። በዚያ ቀን ስብከቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ ትንሽ ረዘም ያለ ነበር።